ለኮምፒዩተር ጥገና ፈተና የሚሆን የጥናት መጽሐፍ ስለ መምረጥ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ነገር ለጆሮ እንግዳ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በየመንደሩ የደረሰ ጉዳይ ስለ ሆነ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ እንግዳ ልንቈጥረው አይገባንም። ከትምህርት ቤታችሁ ተምረው ወደ ከተማ ከሄዱት ልጆች፥ እንዲሁም ባሕር ተሻግረው በአሜሪካና በዓረብ አገር ከሚኖሩት መካከል፥ ኮምፒዩተር መጠገንን የእንጀራቸው ሙያ ሊያደርጉ የሚሹ አሉ። ሙያውን ማወቃቸውን የሚመሰክርላቸውን ፈተና ሊፈተኑ ባሰቡ ጊዜም የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» የሚል ነው። ይህነንም የሚጠይቁት መጽሐፍ ሻጩን ብቻ አይደለም፤ ፊደል ያስቈጠራቸውን መምህር፥ ገንዘቡንም የሚያወጣላቸውን አባት ይጠይቃሉ።

መምህሩ «እኔ የኮምፒዩተር ዐዋቂ አይደለሁም» ብሎ ቢተወው፥ ልጁ የሽፋኑን ቀለም አይቶ ወይም የጓደኛውን ቃል ሰምቶ ይገዛል። ለፈተናው የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ በገጠር ላለ ቤተ ሰብ በሬ የሚያሸጥ ገንዘብ ነው። በሬው ተሸጦለት፥ ጊዜው ያለፈበትን መጽሐፍ ገዝቶ፥ ዓመት ሙሉ አጥንቶ፥ በፈተናው ቀን ከቶ ያልተማረውን ጥያቄ የሚያገኝ ልጅ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። «ትምህርት ይጠቅማል» ብሎ የላከውን አባቱን በጎረቤት ፊት ያሳፍራል፤ ከእርሱ በኋላ ሊላኩ የሚገባቸውንም ታናናሾቹን ያስቀራል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ፥ ኮምፒዩተር ከፍቶ የማያውቅ መምህር ስንኳ ቢሆን መጽሐፉን በእጁ ይዞ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብሎ ሊፈርድ የሚችልበትን መንገድ ነው።

አስቀድሞ ልጁ የሚፈተነው የትኛውን ፈተና እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ሁለት ፈተናዎችን አንድ አድርገው የሚቈጥሩ አሉና። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ የኮምፒዩተር ሃርድዌርና የኔትወርክ ጥገና የሚማር ተማሪ የሚመዘነው ለሙያው በወጣው የኢትዮጵያ የሙያ ደረጃ ነው፤ ይህነንም ምዘና ሕዝቡ ሲኦሲ ብሎ ይጠራዋል። ለዚህ ምዘና ከውጭ አገር የመጣ ወፍራም መጽሐፍ ለመግዛት መቸኰል አያስፈልግም፤ አስቀድሞ የሙያ ደረጃውን ጽሑፍና የትምህርት ቤቱን ማስተማሪያ በሚገባ ይያዝ። ሁለተኛው ግን ኤ ፕላስ የሚባለው የአሜሪካ ፈተና ነው። ይህን ያወጣው ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት ሲሆን፥ ድርጅቱ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982፥ ፈተናው የወጣው ደግሞ በ1993 ነው። በአሜሪካ በኮምፒዩተር ጥገናና በድጋፍ ሥራ ለመቀጠር የሚፈልግ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይህን ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ በዚያ የሚኖሩ ልጆቻችንም የሚጽፉላችሁ ስለዚሁ ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ስለ ኤ ፕላስ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለአሮጌው ትምህርት ልጆች ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ዙር አባ ሄዶ ያስመሰክራል። የሚያስመሰክርም ሰው የሚዘጋጀው የምስክሩ ቤት በሚቀበለው ዜማ ነው እንጂ በሌላ ቤት ዜማ አይደለም፤ ድምፁ ምንም ያማረ ቢሆን በሌላው ዜማ ቢሄድ ይመለሳል። ኤ ፕላስም እንዲሁ ነው። የምስክሩ ቤት ምን እንደሚቀበል ሳያውቅ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው፥ ሊሄድበት የሚገባውን ደብር ሳይጠይቅ ስንቅ እንደሚቋጥር መንገደኛ ነው።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ኮር 1፥ ሁለተኛው ኮር 2 ይባላል፤ ምስክር ወረቀቱን የሚያገኘው ሁለቱንም ያለፈ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ቢበዛ 90 ጥያቄ አለው፤ የሚሰጠውም ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ መልሱን ከተዘረዘሩት መርጦ የሚመልሱአቸው ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሥራውን ራሱን ሠርቶ ማሳየት የሚጠይቁ ናቸው። ውጤቱ ከ100 እስከ 900 በሚደርስ መለኪያ ይሰጣል፤ በኮር 1 675፥ በኮር 2 700 ያገኘ ያልፋል። ይህ ከመቶ የሚታሰብ ቍጥር አይደለም። 675ን ለ900 አካፍሎ «ከመቶ 75 ያገኘ ያልፋል» የሚል መጽሐፍ ብታገኙ፥ መለኪያው ከባዶ ሳይሆን ከ100 እንደሚጀምር ዘንግቷልና በሌላውም ነገሩ ተጠራጠሩት። ለእያንዳንዱ ክፍል በአሜሪካ ከ200 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ የወደቀም ሰው ዳግመኛ ለመፈተን እንደ ገና ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፈተናው ባለቤት ራሱ፥ በፈተናው ውስጥ የሚጠየቀውን ነገር ሁሉ በአርእስት በአርእስቱ ለይቶ ጽፎ ያወጣው ዝርዝር አለ፤ በእንግሊዝኛ ኦብጀክቲቭስ ይሉታል። ይህ ዝርዝር ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ከድርጅቱ ገጽ አውርዶ ማተም ይቻላል። ማንኛውም መጽሐፍ የሚመዘነው በዚህ ዝርዝር ነው እንጂ ዝርዝሩ በመጽሐፍ አይመዘንም። ልጁ ወደ መጽሐፍ ሻጭ ከመሄዱ አስቀድሞ ይህን ዝርዝር በእጁ ይያዝ፤ ከመግዛቱም በፊት ሙሉውን አንብቦ በሚያውቀው አርእስት ላይ አንድ ምልክት፥ ሰምቶት በማያውቀው ላይ ሌላ ምልክት ያድርግ። ይህን ያደረገ ልጅ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ወፍራም ይሁን ቀጭን ከማንም ይልቅ ራሱ ያውቃል።

ዝርዝሩ ሌላም ትርፍ አለው። በመጨረሻው ላይ ዐጭር ሆነው የሚጻፉት የእንግሊዝኛ ቃሎች ከነፍቻቸው ተደርድረዋል፤ ቀጥሎም ለመለማመጃ የሚሆኑ ዕቃዎችና ፕሮግራሞች ተጽፈዋል። እንዲሁም እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ይናገራል። በአሁኑ ኮር 1 የዕቃው ማለት የሃርድዌሩ ትምህርት ከመቶ 25፥ ብልሽት ፈልጎ ማግኘት 28፥ ኔትወርክ 23፥ ስልክና ላፕቶፕ የመሳሰሉት ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች 13፥ ቨርቿላይዜሽንና ክላውድ የሚሉት 11 ይይዛሉ። በኮር 2 ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም 28፥ የደኅንነት ጥበቃ 28፥ የፕሮግራም ብልሽት 23፥ የአሠራር ሥርዐት 21 ይይዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «ኮምፒዩተር ጥገና» ሲባል ልጁ በልቡ የሚያየው ብሎን መፍቻውን ነው፤ ነገር ግን የዕቃው ትምህርት ከሁለቱ ፈተናዎች የአንዱ ሩብ ብቻ ነው። ስለ ዕቃው 500 ገጽ ጽፎ ስለ ደኅንነት ጥበቃ 40 ገጽ ብቻ የሰጠ መጽሐፍ ሥዕሉ ምንም ቢያምር ልጁን በኮር 2 ላይ ይጥለዋል። ይህን ለመመርመር የሚያስፈልገው ማውጫውን ከፍቶ ገጽ መቍጠር ነው፤ ገጽ ለመቍጠር ደግሞ የኮምፒዩተር ዐዋቂ መሆን አያሻም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቍጥር ነገር ነው። ፈተናው በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይታደሳል፤ በታደሰም ጊዜ ቍጥሩ ይለወጣል። 220-1001ና 220-1002 የተባሉት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀሩ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት 220-1101ና 220-1102 በእንግሊዝኛ የሚሰጡት መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ተዘጉ። አሁን ያሉት መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጡት 220-1201ና 220-1202 ናቸው። ቍጥሩ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ በጉልህ ይታተማል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ በአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ የሚገኘው ብዙው ቍጥሩ ያለፈበት ነው፤ ዋጋውም ስለ ረከሰ ድኻ ተማሪ ወደ እርሱ ይሳባል። በመምህርና በተማሪ መካከል እንዲህ ያለ ንግግር ሊደረግ ይችላል፤

«መምህር፥ ይህን መጽሐፍ ጥሩ ነው ይሉታል፤ ልግዛው ወይስ ልተወው? እርስዎ ምን ይሉኛል?»

«ልጄ፥ በሽፋኑ ላይ ያለው ቍጥር ስንት ነው?»

«220-1001 ይላል።»

«አንተ የምትፈተነውስ?»

«እሱን ገና አላየሁትም፤ ነገር ግን ሻጩ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰልኝ።»

«እንግዲያውስ ሻጩ ቍጥሩን ካንተ ይልቅ ያውቃል ማለት ነው።»

አሮጌው መጽሐፍ ግን ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የኤሌክትሪክን ጠባይ፥ የኬብሎችን ዓይነት፥ የኔትወርክ አድራሻ እንዴት እንደሚሰጥ፥ ፕሪንተር እንዴት እንደሚያትም ዛሬም እንደ ድሮው ያስተምራል። የሚጐዳው በሚለዋወጠው ነገር ነው፤ ይኸውም በኦፐሬቲንግ ሲስተም፥ በማስታወሻ ካርድ ማለት በራም ዓይነት፥ በደኅንነት ጥበቃ ነው። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 7ን እንደ አዲስ ነገር የሚያስተምር መጽሐፍ እንግዲህ ታሪክ እንጂ ሙያ አያስተምርም። ትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያለ አሮጌ መጽሐፍ በስጦታ ቢያገኝ አትጣሉት፤ ለጀማሪ ማንበቢያ ይሁን። ለፈተና ብሎ ገንዘብ ማውጣት ግን ለአዲሱ ቍጥር ብቻ ነው። ምስክር ወረቀቱም ራሱ እንደ ቍጥሩ ሁሉ ዕድሜ አለው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2011 በፊት ያገኘ ሰው ለዕድሜ ልኩ ይዞታል፥ ከዚያ ወዲህ ያገኘ ግን በየሦስት ዓመቱ ማደስ አለበት።

ቍጥሩ ልክ ሆኖ ከተገኘ በኋላ መጽሐፉ በእውነት ያስተምር እንደ ሆነ መመርመር ይቀራል። እኔ በጽሕፈት ቤት የምሠራ ሰው ስለ ሆንሁ መጀመሪያ የምከፍተው የፕሪንተርን ምዕራፍ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ዕቃ እርሱ ነውና፥ በዚህ ቂም እንዳለኝ አልደብቅም። ሌዘር ፕሪንተር የሚያትመው በሰባት ተራ ነው። ጽሑፉን ያሰናዳል፤ ከበሮ የሚመስለውን ክፍል በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ በብርሃን ይጽፍበታል፤ ቶነር የሚባለውን ዱቄት ቀለም ያስይዘዋል፤ ቀለሙን ወደ ወረቀቱ ያሻግራል፤ በሙቀት አቅልጦ ያጣብቀዋል፤ በመጨረሻም ከበሮውን ያጸዳል። ደካማ መጽሐፍ እነዚህን ሰባቱን ስሞች ደርድሮ «አጥኑ» ብሎ ያልፋል። በጎ መጽሐፍ ግን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ታትሞ ወጥቶ ጽሑፉ በጣት ሲነኩት ቢለቅ የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው? ተማሪውም ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ተሻግሮ እንዳልተጣበቀ ከዚህ ዐውቆ፥ ብልሽቱን በሚያሞቀው ክፍል ይፈልጋል። እንዲሁም በወረቀቱ ላይ አንድ ነጠብጣብ በእኩል ርቀት እየተመላለሰ ቢታይ፥ በሚሽከረከር ነገር ላይ ያለ እድፍ ወይም ጭረት እንደ ሆነ ያስተምረዋል። ስሙን ከነምክንያቱ፥ ምክንያቱን ከነምልክቱ ያያያዘ መጽሐፍ በዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው የምመረምረው የራም ምዕራፍ ነው። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት ለተራ ኮምፒዩተር የሚሆኑት ካርዶች ሁለቱም 288 የመገናኛ ጥርስ አላቸው። ቍጥሩን ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ያነበበ ልጅ «እንግዲያውስ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል» ብሎ በኀይል ይጫነዋል፥ ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይሰብራል። እውነቱ ግን በካርዱ ግርጌ ያለው ቅንጭብ በሁለቱ ላይ ቦታው የተለያየ ነው፤ ይህም የሆነው ሳይታወቅ እንዳይገባ ነው። የሚፈልጉትም ኀይል ይለያያል፤ ዲዲአር 4 1.2 ቮልት፥ ዲዲአር 5 1.1 ቮልት ነው። ይህን በሥዕል አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ ብታገኙ ጸሓፊው ዕቃውን በእጁ ይዞ እንደ ጻፈ ዕወቁ።

ሦስተኛው የአደጋ ነገር ነው፤ በዚህም ላይ ጨካኝ ብሆን አልነቀፍም። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ ስንኳ በውስጡ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ይቈያል። ልጁ በጉጉት ሣጥኑን ከፍቶ ቢነካው ሊጐዳው፥ ከዚያም አልፎ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ «ፓወር ሰፕላይ በሌላ ይለወጣል እንጂ አይከፈትም» የሚል ማስጠንቀቂያ በግልጽ ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ለገጠር ልጅ አትስጡ፤ በከተማ ጥገና ቤት ያለ ልጅ እጁን የሚይዝለት አለቃ አለው፥ የእኛው ግን ብቻውን ነው።

ብልሽት ፈልጎ ማግኘትን በሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ሽማግሎች ከመምህራን ይልቅ በደንብ ሊፈርዱ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ፈተናው የሚጠይቀው ሥርዐት ስድስት ደረጃ አለው። አስቀድሞ ባለ ጉዳዩን ጠይቆ ብልሽቱ ምን እንደ ሆነ መለየት፤ ቀጥሎ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል ብሎ መገመት፤ ግምቱን መፈተን፤ ከዚያ ምን እንደሚደረግ አስቦ መፈጸም፤ ሁሉም መዳኑን ማረጋገጥና ዳግመኛ እንዳይበላሽ መጠበቅ፤ በመጨረሻም የሆነውን ሁሉ መጻፍ ነው። ሽማግሌ ነገር ሲያይ ከሳሽን ሳይሰማ አይፈርድም፤ «መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተደርጎ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ጠጋኙም እንዲሁ ነው፤ «ትናንት ምን አስገባህበት? መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ ብሎን የሚፈታ ሁሉ ያልታመመውን ያክማል። እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የመለማመጃ ጥያቄዎች በዚህ መንገድ የተጻፉ መሆናቸውን ተመልከቱ። «የዚህ ስም ማን ይባላል?» የሚል ጥያቄ ብቻ የሞላበት መጽሐፍ ለፈተናው አይበቃም። «አንዲት ሠራተኛ ኮምፒዩተርዋ ሲበራ ድምፅ ያሰማል፥ ምስል ግን አይታይም፤ አስቀድመህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ዓይነት የበዛበት ግን ወደ ፈተናው ይቀርባል። ስለ ስድስተኛው ደረጃ፥ ስለ መጻፍ፥ ጸሓፊ ነኝና ብዙ ብናገር ታመካኙብኛላችሁ፤ ስለዚህ ዐልፈዋለሁ።

ከታተሙት መጻሕፍት መካከል ስመ ጥር የሆኑትን ብነግራችሁ ይጠቅማል። ማይክ ማየርስ የተባለው አሜሪካዊ መምህር ያወጣው፥ ማግሮው ሂል የሚያትመው ኦል ኢን ዋን የተባለው መጽሐፍ ከሺህ ገጽ የሚበልጥ ነው፤ አጻጻፉ ሰው በቃሉ እንደሚያወራ ስለ ሆነ ምንም ለማያውቅ ጀማሪ ይስማማል፤ ነገር ግን ወሬው ይበዛልና ችኩል አንባቢን ያሰለቻል። ሳይቤክስ በሚል ስም የሚወጣው ኮምፕሊት ስተዲ ጋይድ ዝርዝሩን አጥብቆ ይከተላል፤ ደረቅ ነው፥ ግን ሥርዐት አለው። ፒርሰን የሚያትመው ኤግዛም ክራም ዐጠር ያለ ነው፤ ክራም ማለት በእንግሊዝኛ መጐሰር ማለት ነው፥ ስሙም አያሳፍረውም፤ አስቀድሞ ላወቀ ሰው መከለሻ ይሆናል እንጂ ለጀማሪ ትምህርት አይሆንም። ስኮት ሙለር የጻፈውና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 መጀመሪያ የታተመው የኮምፒዩተር ማሻሻያና መጠገኛ መጽሐፍ ደግሞ የፈተና መምሪያ አይደለም፤ የዕቃውን ውስጥ በጥልቅ ለማወቅ ለሚሻ ግን ትልቅ ሀብት ነው። ኮምፕቲያ ራሱ ተፈታኙ ከመፈተኑ በፊት 12 ወር ያህል በሥራው ላይ ቢቈይ መልካም ነው ይላል። በእኔ አስተያየት ጥገና ቤት ገብቶ የማያውቅ ልጅ ከሁለቱ ወፍራሞች አንዱን፥ ዓመት የሠራ ግን ቀጭኑንና የጥያቄ መጽሐፍ ቢይዝ ይሻላል። ሁለት ወፍራም መጻሕፍት በአንድ ጊዜ መግዛት ግን ገንዘብ ማጥፋት ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነውና።

ገንዘብ የሌለው ልጅ ደግሞ ፈጽሞ ተስፋ አይቍረጥ። ፕሮፌሰር ሜሰር በሚል ስም የሚታወቀው መምህር ዝርዝሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ እየተከተለ ያስተማረባቸውን ቪዲዮዎች ያለ ዋጋ በኢንተርኔት አውጥቷል። መረብ በሌለበት መንደር ያለ ልጅ ከተማ በወጣ ጊዜ የዕለቱን ማስታወሻ እየጻፈ ሊመለከታቸው ይችላል። ይህን ከዝርዝሩ ጋራ አስተባብሮ የያዘ ትጉህ ተማሪ መጽሐፍ ከገዛው ሰነፍ ይበልጣል።

የቋንቋውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፈተናው በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች ይሰጣል፤ በአማርኛ ግን አይሰጥም። አንድ ጥያቄ ለማንበብና ለመመለስ ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ እንግሊዝኛው የሚከብደው ልጅ ሙያውን እያወቀ በንባቡ ይወድቃል። ስለዚህ መጽሐፉን ከመግዛቱ በፊት ከመካከሉ ሁለት ገጽ ይንበብ፤ በአንዱ ገጽ ላይ ከዐሥር የሚበልጡ የማያውቃቸው ቃሎች ካገኘ፥ የቃሎቹም ብዛት ከሙያው ሳይሆን ከእንግሊዝኛው ከሆነ፥ ወይ ቀላሉን ይምረጥ ወይ አስቀድሞ ቋንቋውን ይማር። በዚህ ላይ የገጠር መምህር ከማንም የከተማ ጠጋኝ ይልቅ ሊረዳው ይችላል።

አንድ ክፉ ነገር ደግሞ አለ፤ ስለ እርሱም በግልጽ ልናገር። «የእውነተኛው ፈተና ጥያቄና መልስ» እየተባለ የሚሸጥ ጽሑፍ አለ፤ ዳምፕ ይሉታል። ይህ የተሰረቀ ነው፥ ወይም ሐሰት ነው፤ ብዙ ጊዜም መልሱ ስሕተት ነው። ተፈታኙ ከመፈተኑ በፊት እንዲህ ያለውን እንደማይጠቀም ለድርጅቱ ይስማማል፤ ተጠቅሞ ቢገኝ ምስክር ወረቀቱ ይሰረዝበታል፥ ዳግመኛም እንዳይፈተን ሊከለከል ይችላል። አንዳንድ አባቶች ግን «ልጁ እንዲያልፍ ብቻ ይሁን» ይላሉ። እኔ የምጠይቃቸው ይህን ነው፤ በጤና ጣቢያው ያለው ኮምፒዩተር የሕመምተኞቹን መዝገብ ይዞ ቢቆም፥ ምስክር ወረቀት ያለው ልጃችሁ ተጠርቶ መጥቶ በሰው ፊት ቢቆም፥ ያን ጊዜ በቃሉ የያዘው መልስ ምን ያደርግለታል? መዝገቡ ቢጠፋ የሚጐዳው ልጁ ብቻ አይደለም። በጎ የጥያቄ መጽሐፍ ከዚህ የሚለየው ጸሓፊው ራሱ ጥያቄውን ስላዘጋጀው፥ ከመልሱም በታች ትክክለኛው ስለምን ትክክል እንደ ሆነ፥ የቀሩትም ሦስቱ ስለምን እንደማይሆኑ ስለሚጽፍ ነው። ሻጩ ይህን ማብራሪያ ሊያሳያችሁ ካልቻለ መጽሐፉን መልሱለት።

መጽሐፉም ከተገዛ በኋላ እጅ ካልሠራበት አይረባም። በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ የለበሰ፥ የማይሠራ ኮምፒዩተር አይጠፋም። ርእሰ መምህሩ በንብረት መዝገብ ላይ አስፈርሞ አንዱን ለመለማመጃ ቢሰጥ መልካም ነው። ልጁ ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ፥ የብረቱን ሣጥን እየነካ በገላው ያለውን ኤሌክትሪክ አስወግዶ፥ ራሙን፥ ሃርድ ዲስኩን፥ ማራገቢያውን እያወጣ በመጽሐፉ ካለው ሥዕል ጋራ ያስተያይ፤ መልሶም ይግጠመው። የአሮጌው ራም ከአዲሱ ቢለይም እጅ የሚለምደው ልክ አንድ ነው። ለዚህ ሥራ የመጽሐፉ ሥዕል ግልጽ መሆን አለበት፤ ሥዕሉ የጠቈረና የደበዘዘ ከሆነ፥ ሌላው ሰው አባዝቶ ያለ ፈቃድ የሸጠው እንዳይሆን ጠርጥሩ።

ትምህርት ቤቱም መጽሐፉን በጋራ ሊገዛ ቢያስብ እኔ የምመክረው ይህን ነው። አንድ ወፍራም መጽሐፍና የታተመ ዝርዝር ይገዛ፤ በሽፋኑ ውስጥ የተገዛበት ቀንና የፈተናው ቍጥር ይጻፍ፤ ተማሪው ለ15 ቀን ይዋሰው፥ በወሰደም ጊዜ ያጠናውን ምዕራፍ በዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ይመልስ። ከመጽሐፉም በላይ በሳጥኑ ክዳን ላይ «220-1201ና 220-1202» ተብሎ በትልቅ ፊደል ይለጠፍ። ፈተናው ታድሶ ቍጥሩ በተለወጠ ጊዜ ያ ወረቀት ይነሣ፤ መጽሐፉም ከፈተና መጻሕፍት መደርደሪያ ወደ ንባብ መጻሕፍት መደርደሪያ ይዛወር።